እማማ አስካለ የተሳፈሩባት ቀይ መኪና

እኔ ቁልቁለት እፈራለሁ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል፣ ምክንያቱም በሌላ ነገር ፈሪ አይደለሁም፤ ጅብ በሚመላለስበት ገደል አፋፍ ላይ ቤት ሠርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታክሲ ተሳፍሬ መንገዱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ግን ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። አንዳንዴም የሰው እግር ይረግጣል። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ያለኝን ሁሉ በቀልድ ሸኝቼው ነው የኖርኩት። ዛሬ እማማ አስካለም የሉም፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ቁጭ ብዬ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እዚሁ ኮልፌ ነው። ስሜ ነስሩ ነው፤ ያኔ ግን ሰፈሩ «ነስሩ ሽቅርቅሩ» ነበር የሚለኝ። አባቴ ሲሞት የተወልኝን የጨርቅ ሱቅ እነግዳለሁ፣ እናቴን እጦራለሁ፣ የተረፈኝን ደግሞ እለብሰዋለሁ። ሱሪዬ ታቹ ሰፊ፣ ጫማዬ ተረከዙ ረጅም፣ ጸጉሬ ጎፈሬ ነበር። መንዳት የለመድኩት ከመርካቶ ጨርቅ በምናመላልስበት በአጎቴ ፒክአፕ ነው። እናቴ «መቼ ነው የምታገባው?» ስትለኝ «መኪና ልግዛና» እላት ነበር። ታዲያ መኪና ስላት የፈለግኩት ማንኛውንም መኪና እንዳይመስላችሁ።

ቀይዋን ነበር። ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራዋ ወደኋላ የሚታጠፍ፣ ለእሽቅድምድም ተብላ የተሠራች መኪና ነበረች። ያኔም ቢሆን አዲስ አልነበረችም፤ አንድ ፈረንጅ ለብዙ ዓመት ነድቷት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሰይፉ ሸጦለት ሄደ። ሰይፉ የእማማ አስካለ አንድ ልጅ ነው። እማማ አስካለ ደግሞ በእኛ ሰፈር ምላሳቸው የሚፈራ፣ ባላቸውን በጊዜ የቀበሩ፣ እህል ቸርችረው ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ የጎጃም ሴት ናቸው። ሰይፉ በቀይዋ ኮልፌን ዞሮ ዞሮ ሲጠግብ፣ እናቱም «ሥራ ያዝ» እያሉ ሲያስጨንቁት፣ ሸጧት ታክሲ ሊገዛ መሆኑን ሰማሁ። እኔም በሰማሁ በማግስቱ ልያት ብዬ ላክሁበት።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ መሐላችን ትንሽ ልበላችሁ። በኛ ገበያ «እናቴ ትሙት» ያላለ ሻጭ እንደ ሻጭ አይቆጠርም ነበር። እኛ እስላሞቹ «ወላሂ»ን ለከባድ ነገር እናስቀምጠዋለን፣ «እናቴ ትሙት» ግን ለአንድ ክንድ አቡጀዲም ይባል ነበር። እኔም አባቴ ሞቶብኛልና በእሱ ልምል አልችልም፤ ሱቄ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምገድለው ያቺኑ ቤት ቁጭ ብላ ምሳዬን አዘጋጅታ የምትጠብቀኝን እናቴን ነበር። የሚለውም ከልቡ አይለው፣ የሚሰማውም አይደነግጥ። እንዲህ ነበር ኑሯችን።

ቅዳሜ ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ እነሰይፉ ግቢ ሄድኩ። ቀይዋ ታጥባ፣ ጣራዋ ተከፍቶ፣ ግቢው መሃል ቆማለች። ሥራ ፈት ጎረቤቶች አጥሩን ተደግፈው ሊያዩ ተሰብስበዋል፤ መኪና ሲሸጥ ማየት ያኔ እንደ ሠርግ ነበር። እማማ አስካለ በረንዳው ላይ በዱካ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። «ነስሩ፣ መጣህ? ግባ» አሉኝና ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ።

መኪና ልገዛ ስሄድ እንደ ሞኝ ቀለም አይቼ የምመለስ አይደለሁም። ከተሰበረ ሬዲዮ ያወጣሁትን ማግኔት በኪሴ ይዤ ነበር። ቆርቆሮዋን በሱ ዳሰስኳት፤ ማግኔቱ የሚይዝበት ቦታ ጤነኛ ብረት ነው፣ የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ ተጋጭታ በስቱኮ የተደለዘችበት ነው። ከኋላ በኩል አንዲት መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ወደቀብኝ። ከዚያ ጆንያ አንጥፌ ሥሯ ገባሁ፣ ሻንሲዋን አንኳኳሁ፣ ኮፈኗን ከፍቼ የሞተሯን ዘይት በጣቴ አሸሁት። ሞተሯን ሳስነሳት የሰጠችው ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ወድጄያት ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

መጨረሻ ላይ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ፍሬኗን ረገጥኩ። ፔዳሉ ሰመጠ። ደግሜ ስረግጠው ግን ጠጠረ፣ ሲደጋገም ጭራሽ እንደ ድንጋይ ሆነ። እንደገና ትንሽ ቆይቼ ብረግጠው መጀመሪያ ላይ ያው ሰመጠ። ፊቴን ወደ ሰይፉ አዞርኩ።

«ይሄ ፍሬን መጀመሪያ ሲረግጡት ለምን ይሰምጣል?»

«ቆማ ስለከረመች ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ስትነዳት ይስተካከላል። እናቴ ትሙት ነስሩ፣ ፍሬኗ ምንም የለበትም።»

ሰፌዱ ላይ ሲሄድ የነበረው የእማማ አስካለ እጅ ቆመ። ቀና አሉና ልጃቸውን አዩት።

«እስቲ ድገመው» አሉት።

«ምኑን እማዬ?»

«አሁን የማልከውን።»

አጥሩ ላይ የተደገፉት ሳቁ፣ ሰይፉም አብሮ ሳቀና ራሱን አከከ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደገመው። እማማ አስካለ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«እንግዲያውስ ልሳፈር» አሉ። «የምሞተው እኔ ከሆንኩ ቅርብ ልሁን።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ወርጄም በሩን ከፈትኩላቸው። እሳቸው ከዚያ በፊት በሷ ተሳፍረው አያውቁም ነበር፤ እጄን ይዘው ቀስ ብለው ገቡና ዝቅተኛው ወንበር ውስጥ ቁጭ አሉ። ያልሳቀው ሰይፉ ብቻ ነበር። መጥቶ በሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«እማዬ ተይ ውረጂ። ነፋሱ ያምምሻል።»

«ነፋስ?»

«ጣራ የላትም እኮ። ብርድ ይመታሻል።»

እማማ አስካለ አንገታቸውን አቅንተው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሌላ የምትለኝ ነገር አለ?» አሉት።

ሰይፉ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ጎረቤቶቹ አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው። እኔን አየኝ፣ መኪናዋን አየ። «የለም» አለና በሩን ለቀቀ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ልቤ ሙሉ በሙሉ ረጋ። ፔዳሉ አሳስቦኝ ነበር፤ አሁን ግን «ፍሬኑ ቢበላሽ ኖሮ እናቱን አሳፍሮ አይሰድም ነበር» አልኩ። ማን ይሰዳል? ከማግኔቴም፣ ከእግሬም፣ ከዓይኔም ይልቅ የተማመንኩት አጠገቤ በተቀመጡት ሴትዮ ነው። መኪና የሚመረምር ሰው እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው እኛ አገር ብቻ ይመስለኛል።

ከግቢው ወጥተን ሽቅብ ወደ ሳንሱሲ አቅጣጫ መንገዱን ያዝን። ገና ከመነሳታችን በጎች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝኩ፤ ቆመች። ትንሽ አለፍ ብለን ቤት የሚሠራ ጎረቤት በመንገዱ ዳር ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጭቃ በጭድ አስቦክቶበታል። ሽታው ገና ከሩቅ ይመጣል። እማማ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው «ሰውዬው አቡክቶ አቡክቶ ሳይለስንበት ሊያገማን ነው» አሉ። ሳቅን። ሞተሯ ዳገቱን እያዜመች ትወጣለች፣ ነፋሱ ጎፈሬዬን ወደኋላ ያስተኛዋል፣ በየደጁ የቆመ ሰው ሁሉ ያየናል። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደዚያ ተደስቼ መንዳቴን አላስታውስም።

«ነስሩ» አሉኝ እማማ አስካለ ድንገት። «በዚያች መስታወት ወደኋላ እይልኝ። ሰይፉ ምን ያደርጋል?»

አየሁ። «መንገዱ መሃል ቆሟል እማማ።»

«ዝም ብሎ ቆሟል?»

«አዎ።»

ትንሽ ሄድንና «አሁንስ?» አሉኝ። መስታወቷ በሞተሩ ንዝረት ትንቀጠቀጣለች፣ ሰውየው ጣት አክሎ ነው የሚታየኝ፤ ቢሆንም ለየሁት። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። እንዲያ የሚያደርግ ሰው መርዶ የሰማ ሰው ነው። ለመኪናዋ ሳስቶላት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ለእሳቸው ግን ያየሁትን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ መስታወቷ ውስጥ ባዶ መንገድ ብቻ ነበር።

«የለም» አልኳቸው።

«ቤት ገባ?»

«እንጃ እማማ።»

ያኔ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉና፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ፣ በተረጋጋ ድምፅ መናገር ጀመሩ። ክረምትና በጋ እህል ተሸክመው ገበያ ሲመላለሱ እንደኖሩ፣ ዝናብ ሲያበሰብሳቸው፣ ውርጭ ሲመታቸው ሰይፉ አንድ ቀን «በረደሽ ወይ?» ብሏቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም፤ እናት የሚበርዳት አይመስለውም። «ዛሬ ነፋስ አሰበልኝ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ስለ ፍሬኑ የጠየቅኸው ምን ሆኖብህ ነው?»

ቀጥ ባለው ሜዳ መንገድ ላይ፣ ቀስ ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩ። በፊት ከሚይዝበት ዝቅ ብሎ ያዘ። ለቀቅሁና ደገምኩት። አሁንም ዝቅ አለ።

«እማማ፣ ብንመለስ ይሻላል» አልኳቸው።

«እንመለስ። እኔም ማየት የምፈልገውን አየሁ» አሉ።

ለምን እዚያው አልቆምክም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንት ዓመት ራሴን ስጠይቀው ኖሬያለሁ። መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ ስናዞራት ደጋግሜ ረግጬ ቆማልኝ ነበር። የእጅ ፍሬኗንም ግቢ ውስጥ ሞክሬው ይዟል። በትንሿ ማርሽ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ አልኩ። ውስጤ ደግሞ ያ የመሐላ ነገር አሁንም ይከራከረኝ ነበር፤ ሰው እናቱን እንዲህ አያደርግም፣ አያደርግም እያለ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ማርሹን ከመቀነሴ በፊት፣ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ እግሬ ወለሉን ነካ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ደጋገምኩ። ከእግሬ ሥር ምንም የለም። ባዶ ነው። ያ ባዶነት ነው እስከ ዛሬ በታክሲ ውስጥ እግሬ የሚፈልገው። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩት፤ የሆነ ነገር ከሥር ጧ ብሎ ተበጠሰና እጀታው እጄ ላይ እንደ ልጅ መጫወቻ ቀረ። ማርሹን ወደ አንደኛ ለማውረድ ስታገል ጥርሱ ተንገጫገጨና አልገባም አለኝ። በስንት ልፊያ ሁለተኛ ገባልኝ። ሞተሯ ጮኸች፣ ትንሽም ያዝ አደረጋት፤ ቁልቁለቱ ግን በረታባት።

በቀኝ በኩል ገደል ነው። በግራ በኩል የተደረደሩ ቤቶች አሉ፤ በየደጃቸው ልጆች፣ የተሰጣ በርበሬ፣ የተቀመጡ ሽማግሌዎች። ከታች ደግሞ ቅዳሜ ነውና ገበያው ሞልቷል፤ የሰው ራስ ብቻ ነው የሚታየው። ክላክሱን ተጫንኩና እጄን ከላዩ አላነሳሁም። እማማ አስካለ አንድ ጊዜ ፊቴን አዩ። የሚጠሩትን ብቻ ሰማሁ፣ እመብርሃን ይላሉ፤ እኔም ከንፈሬ ሳላውቀው ሸሃዳውን ይዟል። በዚያች ወንበር ላይ ለሞት የተዘጋጀነው እንዲያ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳችን በየሃይማኖታችን ነው።

«ጭቃው» አሉኝ በጆሮዬ። «ነስሩ፣ ወደ ጭቃው ጉድጓድ።»

ወዲያው ገባኝ። ከፊታችን፣ በግራ፣ ቤቶቹ የሚያልቁበት ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ ካለፍን ገበያው ነው። ጭቃውን የሚያቦኩ ሰዎች ክላክሱን ሰምተው ሱሪያቸውን እንደጠቀለሉ ሲሸሹ አየሁ። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። በዚያች ቅጽበት ነው ሰይፉ የመጣው።

ከገደሉ በኩል፣ በባሕር ዛፉ መሃል ካለችው አቋራጭ፣ በአራት እግሩ እየቧጠጠ ወጥቶ መንገዱ መሃል ቆመ። ሸሚዙ ተቀዷል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ ነፋሱና ክላክሱ ቃሉን በላው እንጂ ኋላ እንደነገረን «ቁሙ፣ ፍሬን የላትም» እያለ ነበር። ሊያቆመን ነው የሮጠው። ፍሬኑ አስቀድሞ እንዳለቀ፣ ልንቆምለት እንደማንችል አላወቀም። የቆመውም ወደ ጉድጓዱ የምታጠፍበት ቦታ ላይ ነው።

ያ ሁሉ ሲሆን ቁጭ ብለው የጸለዩት ሴትዮ፣ ልጃቸውን ሲያዩ ብድግ አሉ። በምትበርር መኪና ላይ፣ በአንድ እጃቸው የፊት መስታወቱን ጨብጠው፣ በሌላው ነጠላቸውን ፈትተው እያውለበለቡ «ዞር በል! ሰይፉ፣ ዞር በል!» አሉ። እሱ የሚያየው እናቱ ሲጠሩት ነው፤ ጭራሽ ወደኛ መሮጥ ጀመረ። በቀጥታ ብሄድ እሱን እገድላለሁ፣ ወደ ቀኝ ባጥፍ ከእሳቸው ጋር ገደል እገባለሁ፣ ባልፈው ገበያው አለ። እናትየውን አጠገቤ አስቀምጬ ልጁን ልገድለው ነው አልኩ። ይህን በቃል ያሰብኩት አይምሰላችሁ፤ ሆዴ ነው ያወቀው።

ከፊቱ ልደርስ ስል መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። የኋላ ጎማዋ ተንሸራተተ፣ ጎኗ ሸሚዙን ጠርጎት አለፈ፣ ከዚያ መሬቱ ከሥራችን ጠፋ። ቀጥሎ የማስታውሰው የጭቃው ድምፅ ነው፤ ትልቅ ነገር ዋጥ እንደማድረግ ያለ። ፊቴ፣ አፌ፣ አፍንጫዬ በጭቃና በጭድ ተሞላ። ሞተሯ ጠፋች።

«እማማ!» አልኩ። ዓይኔን በክንዴ ጠርጌ ሳይ የፊት መስታወቱ ላይ ተደፍተዋል። ትከሻቸውን ስነካቸው ቀስ ብለው ቀና አሉና ጭቃ ተፉ። ግራ እጃቸው ተሰብሯል። ያቺን እጃቸውን በደህናው ይዘው፣ ወደኔም ሳያዩ፣ ወደኋላ ዞረው መንገዱን ፈለጉ።

ሰይፉ ቆሞ ነበር። ምንም አልነካውም። እስከ ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ መጣና በእናቱ በኩል ባለው የመኪናዋ በር ሥር ተንበረከከ፣ የሚናገረውም እርስ በርሱ ይጋጭበት ነበር። የፍሬኑ ዘይት እንደሚያፈስ ያውቃል። ጠዋት ሞልቶታል፣ የፈሰሰውንም እንዳላየው ከጎማው ላይ ጠርጎታል። ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አድርጌ የምመለስ መስሎት ነበር፣ ሽቅብ እንደምወጣ አላሰበም። ሁሉንም ሳይጠየቅ ዘረገፈው።

እማማ አስካለ እስኪጨርስ ጠበቁት። «በገደሉ ነው የመጣኸው?» አሉት።

«አዎ እማዬ።»

«እንዲህ ከምትሮጥ ለምን እዚያው ግቢው ውስጥ አልነገርከኝም?»

ሰይፉ ራሱን ቀና አደረገ። ጭቃውን እንባው እያጠበው ነው።

«ሰው ነበረ እማዬ» አለ። «ሰው እያየኝ ነበር።»

ይህን መልስ ስሰማ ከቁልቁለቱ ይበልጥ ፈራሁ። ሰይፉ እናቱን ይወዳል፤ በዚያ ገደል ያን ያህል የሮጠው ስለሚወዳቸው ነው። ግን በአጥሩ ላይ በተደገፉ፣ ስማቸውን እንኳ በማላስታውሳቸው ሥራ ፈቶች ፊት «ዋሽቻለሁ» ከማለት እናቱን በዚያች መኪና ማሳፈር ቀለለው። እኔ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። መልሱን አልወደድኩትም። እማማ አስካለ ግን ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ፊት ጠረጉትና «ተነስና አውጣኝ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው» አሉት።

እጃቸውን ወጌሻ አሸው፣ ዳነም፤ ብቻ ብርድ ሲሆን ያማቸው ነበር። ቀይዋን ጎረቤት ተጠራርቶ በገመድ ጎትቶ አወጣት፣ ሰይፉም ፈታትቶ በየዕቃዋ ሸጣት። ባለ ጭቃው ሰውዬ «ጭቃዬን አበላሻችሁብኝ» ብሎ በሽማግሌ ከሰሰንና፣ እኔና ሰይፉ ሱሪያችንን ጠቅልለን ስናቦካለት ሰነበትን። ጓደኛሞች የሆንነው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። እሱ ኋላ ታክሲ ነዳ፤ ጠዋት ጠዋት የፍሬን ዘይቱን ሳያይ ሞተር አስነስቶ አያውቅም፣ ተሳፋሪም አረፈድን እያለ ይሰድበው ነበር።

እኔ ደግሞ ሰኞ ሱቄን ከፈትኩ። አንዲት ደንበኛዬ የጨርቅ ዋጋ ስትከራከረኝ እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩና «እናቴ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አልመጣልኝም። እናቴ ጠዋት ቁርሴን አቅርባልኝ ስትመርቀኝ የነበረችበት ሁኔታ ድቅን አለብኝ። ሴትየዋ «እናትህ ምን?» አለችኝ። «እናቴ ደህና ናት» አልኳት፤ ሳቀችና ሳትገዛ ሄደች። ለጥቂት ጊዜ ገበያዬ ቀዘቀዘ፤ የማይምል ነጋዴ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። ቀስ በቀስ ግን ለመዱኝ።

እናንተስ? ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዛሬ ጠዋት ከቤት ከወጣችሁ ወዲህ ማንን ገድላችሁ ማላችሁ? አልፈርድባችሁም። ቃሉ ቀላል ነው፣ አፍ ላይ ምንም አይከብድም። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን የጠራችሁትን ሰው አጠገባችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡትና ድገሙት። ቃሉ ከአፋችሁ መውጣት ከቻለ ማሉ።

እማማ አስካለ ብዙ ዓመት ኖረው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ አርጅተው በአልጋቸው ላይ አረፉ። ልቅሶ ሄድኩ። ሰይፉ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጧል፤ እሱም ሸብቷል፣ ዓይኑ ደርቋል፣ «አላለቀሰም፣ ሆዱ ውስጥ ይዞታል» ብለው አስቀድመው ነግረውኛል። አጠገቡ ስቀመጥ እጄን ያዘኝ፣ ወደ ጆሮዬም ተጠጋ።

«ነስሩ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን በሷ አልማልኩም» አለኝ። «በልቤም አላልኩም። ታምነኛለህ? የገደልኳት እኔ አይደለሁም፣ አይደል?»

ሽማግሌ ሰው ነው የሚጠይቀኝ። እንደማምነው ላረጋግጥለት ፈለግኩ፣ ከልቤ ፈለግኩ፤ ያን ያህል ዓመት የተውኩት ቃል ሳላስበው ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እናቴ ገና በሕይወት ነበረች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ከልቅሶው ስመለስ እስክገባ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ቃሉን ዋጥኩት።

«አንተ አይደለህም» አልኩት። ሰይፉ ትንሽ ፊቴን አየኝና፣ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ማልቀስ ጀመረ።